ጃለኔ ከዘጋች ሁሉም ይዘጋል

አምቦ ከተማ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከባጃጅ ተራው ፊት ለፊት አንድ የሱቆች ረድፍ አለ። ግድግዳቸው የተያያዘ፣ ጣሪያቸው አንድ የሆነ፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት የብረት መዝጊያ ያላቸው ጠባብ ሱቆች ናቸው። ከዳር ሦስተኛው የጃለኔ ነው። ደብተር፣ እስክሪብቶና የደብተር መሸፈኛ ትሸጣለች፤ ፎቶ ኮፒ ታነሣለች፤ የትምህርት ቤት ምዝገባ ሲደርስ ደግሞ የልደት ካርድ ላሚኔት ታደርጋለች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ቀልድ ትወዳለች፣ ሒሳብ በቃሏ ትሠራለች፣ ደንበኛ ሲያመነታ የሚፈልገውን ቀለም ከራሱ ቀድማ ታውቃለች።

በረድፉ ዘንድ የታወቀችው ግን በጆሮዋ ነው።

ረድፉ አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለው፦ መጀመሪያ ዝጋ፣ በኋላ ጠይቅ። ከየት እንደመጣ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አያወራበትም። መንገዱ በየጊዜው ይታወክ በነበረባቸው ዓመታት የተለመደ ነገር ነው። አንዱ ጓ አድርጎ ሲዘጋ ጎረቤቱም ይዘጋል፣ የጎረቤቱ ጎረቤትም ይዘጋል፤ ምክንያቱ የሚጠየቀው ውስጥ ተሆኖ በበሩ ስንጥቅ ነው። እንዲህ ያለው ሰንሰለት መቼም አንድ የሚጀምረው ሰው ያስፈልገዋል። የሚጀምረው ሁልጊዜ ጃለኔ ናት።

በ2017 ነሐሴ መጨረሻ፣ የእንቁጣጣሽ ገበያ በደራበት ቅዳሜ፣ ከረድፉ ማዶ ካለው የሕንፃ መሣሪያ መደብር ፊት ከአይሱዙ ላይ ቆርቆሮ ይወርድ ነበር። እሥሩ ተፈታና ቆርቆሮው በሙሉ አስፋልቱ ላይ ተዘረገፈ። ድምፁ ገና አላለቀም፤ ጃለኔ ሁለቱንም መዝጊያ ዘግታ መቀርቀሪያውን ስባለች። የአንድ ሰው የልደት ካርድ ማሽኑ ውስጥ ግማሹን ገብቶ ቀርቷል። ከእሷ ቀጥሎ አንሶላና መጋረጃ የሚሸጠው ያሕያ ዘጋ። ከያሕያ ቀጥሎ ልብስ ሰፊው፣ ከዚያ ጫማ ሻጩ፣ እስከ ማዕዘኑ ድረስ።

ያሕያ ቤተሰቦቹ ከስልጤ አገር መጥተው አምቦ የከተሙ፣ ወፈር ያለና ተጫዋች ሰው ነው። ሱቁ ውስጥ በዚያን ሰዓት ከጌዶ ለገበያ የመጣ አንድ ገበሬ ነበር፤ ለበዓል የገዛው በግም አብሮት ነበር።

"ምን ተፈጠረ?" አለ ገበሬው በጨለማው ውስጥ።

"ጃለኔ ዘጋች።"

"ጃለኔ ማን ናት? ባለሥልጣን ናት?"

"ወላሂ ከባለሥልጣንም በላይ ናት።"

"እሷ ስትዘጋ እናንተ ለምን ትዘጋላችሁ?"

ያሕያ ትንሽ አሰበ። "እሷ ስለዘጋች" አለ።

ብርሃን ሲገባ በጉ የአንድ መጋረጃ ጥግ አኝኮ ተገኘ። ያሕያ ቢያጉረመርም ገበሬው ኮስተር ብሎ፣ "መጋረጃህን የበላው እሱ ነው፤ ከሱ ጋር ተነጋገር" አለውና ገመዱን ይዞ ወጣ።

የረድፉ ባለቤት ኦቦ ፈየራ በከዘራቸው በር እያንኳኩ መጡ። ዕድሜያቸውን የፈጁት በነቀምቴ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ሲነዱ ነው። ለዓመታት ፀሐይ በፊት ለፊት እየመታቸው ስለነዱ ግንባራቸው እንደተቋጠረ ቀርቷል፤ ሲስቁም የተቆጡ ይመስላሉ። በዚያን ቀን ግን እውነትም ተቆጥተው ነበር።

"ኢንተላ ኮ" አሏት። ልጄ ማለታቸው ነው። "ሱቅ ማለት ዕቃው አይደለም። ሱቅ ማለት የተከፈተ በር ነው። በሩ የተዘጋ እንደሆነ መጋዘን ነው የሚባለው።"

"ይቅርታ ኦቦ፤ ድምፁ እኮ..."

"ድምፁ ቆርቆሮ ነው። ባለፈው የወተት ማጓጓዣ በርሜል ነበር። ከዚያ በፊት የሕፃን ፊኛ ነበር።"

"ፊኛው ትልቅ ነበር፣ ኦቦ ፈየራ" አለ ያሕያ ሊያግዛት።

ኦቦ ፈየራ ወደሱ ዞረው እንኳ አላዩም። "ገበያተኛው ወደ ወዲያኛው መንገድ እየሄደብን ነው። 'እዚያ ረድፍ ከገባህ ይቆለፍብሃል' እየተባለ ነው። የአንቺ ውል መስቀል ሲያልፍ ያልቃል። እስከዚያ በጠራራ ፀሐይ ያለ ምክንያት አንድ ጊዜ ብትዘጊ ቤቱን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። እወድሻለሁ፤ ግን እሰጣለሁ።"

ለጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ መስከረም ማለት ለገበሬ ኅዳር ማለት ነው። ዓመቱ በሙሉ የሚታጨደው ያኔ ነው። ጃለኔ ደግሞ ከቴክኒክና ሙያ ከወጣች ጀምሮ በራሷ እጅ ያቆመችው ነገር ይህ ሱቅ ብቻ ነው። ማሽኑን የገዛችው እሷ ናት፤ መደርደሪያውን ቀለም የቀባችው እሷ ናት። ሱቁን የሚነጥቃት ደግሞ ተፎካካሪ አይደለም፤ የገዛ እጇ ነው። "እጄን ቆርጬ ልጣለው እንዴ?" አለች ለያሕያ፣ እየሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

እጇን ለጊዜው መቀርቀሪያው ላይ እንተወውና ወደ ጭንቅላቷ እንግባ። እዚያ ያለው ነገር ከማንኛውም ሱቅ በላይ የሚያስደንቅ ነው።

አንጎላችን ውስጥ ጠለቅ ብላ፣ በጆሯችን አቅጣጫ፣ በግራም በቀኝም አንድ አንድ፣ የኦቾሎኒ ፍሬ የምታህል ነገር አለች። አሚግዳላ ትባላለች። ከሥራዎቿ ዋናው አደጋን መጠበቅ ነው፤ ስለዚህ ዘበኛ እንበላት። ይህች ዘበኛ የምትደነቀው በፍጥነቷ ነው። ድምፁ ምን እንደሆነ እኛ ገና ሳናውቅ ልባችንን ታስመታለች፣ እግራችንን ታስነሣለች። እባብ ያየን መስሎን ዘለን ካረፍን በኋላ ገመድ መሆኑን የምንረዳው በዚህ ምክንያት ነው። መዝለሉ የዘበኛዋ ነው፤ "ገመድ ነው እኮ" የሚለው ድምፅ ግን ከሌላ ቦታ ይመጣል፤ ከግንባራችን ጀርባ ካለው የአንጎል ክፍል። ነገር የሚያመዛዝነው፣ "ቆይ እስቲ" የሚለው፣ ዘበኛዋን የሚያረጋጋው እሱ ነው። እሱን ኃላፊው እንበለው።

አሁን የሚያስገርመው ነገር እዚህ ላይ ነው። ኃላፊው፣ እንደ ብዙ ኃላፊዎች፣ ቢሮ የሚገባው አርፍዶ ነው። ከአንጎል ክፍሎች ሁሉ ዘግይቶ የሚበስለው ይህ የፊተኛው ክፍል ነው፤ ሥራውን ሙሉ በሙሉ የሚረከበው በሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ አካባቢ ነው። ዘበኛዋ ግን ከልጅነት ጀምሮ በሥራ ላይ ናት። በጉርምስና ዕድሜ ቢሮው በአብዛኛው በዘበኛዋ እጅ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

በዚያው ዕድሜ ደግሞ አንጎል ይገረዛል። ጉደር ላይ የወይን ተክል ሲገረዝ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፦ ገበሬው ሁሉንም ቅርንጫፍ አያስቀርም፤ ለፍሬ የሚሆነውን ትቶ ሌላውን ይቆርጣል። ልጅ ሳለን በአንጎላችን ውስጥ ያለው የመገናኛ መረብ ከሚያስፈልገን በላይ ነው። ጉርምስና ሲመጣ ብዙ የሠራው ይቀራል፣ ሥራ የፈታው ይቆረጣል። የቀረውም እንደ መንገድ ነው፤ ትራፊክ የበዛበት ከጠጠር ወደ አስፋልት ያድጋል፣ መልእክት በፍጥነት ያልፍበታል። ምን ያህል ብልህ አሠራር ነው። አንጎል ልጁ የሚኖርበትን አገር አይቶ፣ ለዚያ አገር የሚሆን ሰው ይሠራል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ በእነዚያ ዓመታት በመንገዱ ላይ ብዙ የተመላለሰው ፍርሃት ቢሆንስ?

በ2006 ሚያዝያ፣ አምቦ ላይ የተማሪዎች ተቃውሞ ተነሥቶ ተኩስ በተሰማ ጊዜ፣ ጃለኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ከትምህርት ቤት እየሮጠች ስትመለስ የሰማችው የመጨረሻው ነገር ተኩሱ አይደለም፤ በግራና በቀኝ ጓ ጓ እያሉ የሚዘጉት በሮች ናቸው። እናቷ ሳሙናና ዘይት የምትሸጥባት ትንሽ ሱቅ ነበረቻት። ግማሽ በተከፈተው በር ክንዷን ይዛ ወደ ውስጥ ጎትታ አስገባቻት። ከዚያ በኋላ በነበሩት አራት ዓመታት ነገሩ አንዴ ሲበርድ አንዴ ሲነሣ ቆየ። መንገድ ይዘጋል፣ ጎማ ይቃጠላል፣ ገበያ ይበተናል፣ ደግሞ ሁሉም እንዳልነበረ ሆኖ ሰው ሽንኩርት ሊገዛ ይወጣል።

ጃለኔ ኮረዳ የሆነችው በዚህ መሀል ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩ አጠገብ የስኳር ከረጢት ላይ ትቀመጥና ታዳምጣለች። የአይሱዙ ጭስ ማውጫ ሲያስነጥስ ምን እንደሚመስል፣ ሰው ለአውቶቡስ ሲሮጥና ከሌላ ነገር ሲሮጥ የጫማው ድምፅ እንዴት እንደሚለያይ ለየች። አንዴ ማንም ምንም ሳይሰማ ዘጋች፤ ጎረቤቶች እየሳቁባት ተከተሏት። ብዙም ሳይቆይ መንገዱ ታወከ፤ ከዚያ ወዲህ የሳቀባት የለም። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆና ትልልቅ ሰዎች "ጃለኔ ምን ትላለች?" እያሉ ይጠይቁ ነበር።

ስለዚህ አንጎሏ ተበላሸ የሚል ሰው ነገሩን ገልብጦ ይዞታል። አንጎሏ አልተሳሳተም፤ የተሰጠውን ትምህርት አንደኛ ወጥቶበታል። ችግሩ ትምህርቱ ሲለወጥ ለዘበኛዋ የነገራት ሰው አለመኖሩ ነው።

ዋጋ አላስከፈለም ማለት ግን አይደለም። በሌሎች አገሮች ከተሞች ልጆችን ያጠኑ ሰዎች እንዳገኙት፣ በሰፈር ግድያ ከተፈጸመ በኋላ ባሉት ቀናት የልጆች ትኩረትና የፈተና ውጤት ይወርዳል፤ ድርጊቱን በዓይናቸው ያላዩትም ቢሆኑ። ዘበኛዋ ስትጮህ ማን ሒሳብ ይሠራል? ጃለኔ ሒሳብ የምትወድ ተማሪ ነበረች፤ በክፍል ውስጥ ግን ዓይኗ ሰሌዳው ላይ፣ ጆሮዋ መስኮቱ ላይ ነበር። የአሥረኛ ክፍል ውጤቷ ከጠበቀችው በታች መጣ። ሌላም አለ፦ እንዲህ ባለ ሁኔታ ያደጉ አንዳንድ ልጆች ዝም ያለን ፊት እንደተቆጣ ፊት ያነቡታል። ጃለኔ ሱቁን የከፈተች ሰሞን ኦቦ ፈየራ ባለፉ ቁጥር፣ "ምን አጥፍቼ ነው?" እያለች ያሕያን ትጠይቀው ነበር። "ምንም አላጠፋሽም፤ ፊታቸው ነው" ይላታል። "አብሽሪ፣ እናታቸውም እንዲህ ነበሩ አሉ።"

ሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት አይሆንም። አብራት ያደገችው የጎረቤት ልጅ ፊኛ ቢፈነዳ ዞር ብላም አታይ። ልዩነቱ ከተፈጥሮም፣ ከቤትም፣ ካዩት ነገር ብዛትም ይመጣል። ከሚያግዙት ነገሮች አንዱና ትልቁ አጠገብ ያለ የታመነ ትልቅ ሰው ነው። የጃለኔ እናት ይህን ማንም ሳይነግራት ታደርገው ነበር። በር በተዘጋባቸው ቀናት በባትሪ ብርሃን ከልጇ ጋር ገበጣ ትጫወታለች፤ ሆን ብላም አትሸነፍላትም። "ውጭ ያለው ነገር ያልፋል፤ አንቺ ግን ጠጠሬን መልሺ" ትላታለች። ጃለኔ ዛሬ ቀልድ አዋቂ መሆኗ ከዚያ ይመስለኛል።

ወደ ነሐሴ እንመለስ። ቆርቆሮው በወደቀ ማግሥት የአክስቷ ልጅ ጣቢታ ከእጃጂ መጣች። ጣቢታ ነርስ ናት፤ የአእምሮ ጤና ሥልጠና ወስዳለች። ጃለኔን በአምስት ዓመት ትበልጣታለች፤ ይህንንም አትረሳም፣ አታስረሳምም።

"እስቲ እጅሽን አሳዪኝ" አለቻት። "ደህና እጅ ነው። ለምን ትቆርጪዋለሽ?"

"ያሕያ ነገረሽ? አፉ አያርፍም።"

"ያሕያ ለመንገደኛው ሁሉ ነግሯል" አለችና ስለ ዘበኛዋና ስለ ኃላፊው እኛ ያነሣነውን አስረዳቻት። "አሁን ስሚኝ፤ ዘበኛዋን ማባረር አይቻልም። በ2006 ተቀጥራለች፣ ሥራዋን በታማኝነት ሠርታለች፣ ጡረታም አትወጣም። አንቺ የምታደርጊው ኃላፊውን መጥራት ነው።"

"ኃላፊው የት ነበር እስካሁን?"

"ሃያ ሦስት ዓመትሽ አይደል? አሁን ገና ወንበሩ ላይ እየተቀመጠ ነው። ሥራ ስጪው። ድምፅ ስትሰሚ፣ እጅሽ መዝጊያው ላይ ቢደርስም ይድረስ፤ ግን ከመዝጋትሽ በፊት አንድ ነገር እዪ። ሁልጊዜ ያንኑ። ምን እንደምታዪ ራስሽ ምረጪ።"

ጃለኔ በሩ ላይ ቆማ ውጭውን ቃኘች። "ባጃጆቹን" አለች።

"ለምን?"

"የባጃጅ ሹፌር እውነተኛ ችግር ካለ ከሁሉ ቀድሞ ነው የሚጠፋው። ባጃጇ የሱ አይደለችማ። መስታወቷ ቢሰበር ለባለቤቷ ምን ይላል? እነሱ እግራቸውን ሰቅለው ከተቀመጡ ሰላም ነው።"

ጣቢታ ሳቀች። "እኔ ስድስት ወር ሠልጥኜ ይህን አላሰብኩትም ብዬ እንድነግርሽ ፈልገሽ ከሆነ፣ አልነግርሽም።"

ልምምዱን ያሕያ ተረከበው። ጠዋት ጠዋት፣ ገበያ ሳይጀመር፣ የራሱን መዝጊያ በድንገት ጓ ያደርጋል፤ ጃለኔ ባጃጆቹን ታያለች፣ ትተነፍሳለች፣ እጇን ታወርዳለች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያሕያ ገና መዝጊያውን ሳይለቅ እሷ ዘግታ ትገኝ ነበር። ቀስ በቀስ መዝጊያዋ መሀል ላይ መቆም ጀመረ፤ በኋላም እጇ ብቻ ብድግ ብሎ ይወርድ ጀመር።

"ወላሂ ይህን ሥራ ወድጄዋለሁ" አለ ያሕያ። "ከመጋረጃ ይሻላል።"

ሥራውን ሲወድ ግን አበዛው። አንድ ጠዋት ለልብስ ሰፊው ሳይነግር ጓ ቢያደርገው፣ ልብስ ሰፊው ዘጋ፣ ጫማ ሻጩም ዘጋ። ኦቦ ፈየራ ከዘራቸውን ይዘው ደረሱ።

"ይህ ደግሞ ምንድነው?"

"ልምምድ ነው፣ ኦቦ" አለች ጃለኔ። የሷ በር ክፍት ነበር።

"የምን ልምምድ?"

"ያለመዝጋት።"

"ላለመዝጋት ነው የሚዘጋው?"

ኦቦ ፈየራ ግንባራቸውን እንደቋጠሩ የጃለኔን በር ከላይ እስከ ታች አዩት። "መስቀል ሲያልፍ" ብለው ሄዱ።

ይህ ዓይነት ልምምድ ሠርቶ ይሆን? በከፊል። አንጎል ፍርሃትን ሲያራግፍ የድሮውን መንገድ አያፈርሰውም፤ ከጎኑ አዲስ መንገድ ይሠራል፣ አዲሱም እየተመላለሱበት ይጠነክራል። ይህ ትልቅ የምሥራች ነው፤ በሃያ ሦስት ዓመትም፣ ከዚያ በኋላም ይሠራል። ነገር ግን አዲሱ መንገድ ስስ ነው፤ በተሠራበት ቦታ ደህና ያስኬዳል፣ ሌላ ቦታ ግን ሊከዳ ይችላል። ጠዋት፣ ጸጥ ባለ ሰዓት፣ ያሕያ ከመዝጊያው በስተጀርባ ሳቁን ይዞ ሲጠብቅ አለመዝጋት አንድ ነገር ነው። ሱቁ በሰው ሞልቶ፣ ማን እንዳሰማው የማይታወቅ ድምፅ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነው። ጃለኔም ይህን ታውቅ ነበር። ሌሊት በሕልሟ ኦቦ ፈየራ ቁልፏን ሲቀበሏት እንዳየች ለጣቢታ በስልክ ነግራታለች።

ከመስቀል በፊት የነበረው ቅዳሜ ነው። ትምህርት ሊጀመር ስለሆነ ሱቁ ጢም ብሎ ሞልቷል። አንዲት እናት ለልጇ ሰማያዊ የደብተር መሸፈኛ ጠይቃ ቆማለች፤ ከኋላዋ ሰው ተደርቧል። ወደ ነቀምቴ የሚሄድ አንድ አውቶቡስ ከዋናው መንገድ ዞሮ፣ ተሳፋሪ ሊጭን ነው መሰለኝ፣ በረድፉ ፊት ሲያልፍ ጎማው ፈነዳ።

የአውቶቡስ ጎማ ሲፈነዳ የሰማ ያውቀዋል። ቆርቆሮ አይደለም፤ ፊኛ አይደለም። መስኮት ያንቀጠቅጣል፣ አቧራ ያስነሣል።

ጃለኔ ከመደርደሪያው በሩ ድረስ እንዴት እንደደረሰች አላወቀችም። የግራውን መዝጊያ ዘግታዋለች። ቀኙ በእጇ ነው። ከያሕያ በኩል ጓ የሚል ድምፅ መጣ፤ ከዚያ ከልብስ ሰፊው፤ ከዚያ ከጫማ ሻጩ። ሰንሰለቱ ዛሬ እሷን ሳይጠብቅ ሄደ። ከኋላዋ አንድ ሰው "ዝጊው፣ ዝጊው እንጂ" ይላል።

በቀረው ክፍተት አንገቷን አውጥታ ባጃጆቹን አየች።

አቧራው መሀል መጀመሪያ ምንም አልታያትም። ኋላ አንዷ ታየች፣ ሁለተኛዋም። ቆመዋል። አንዱ ሹፌር ከመቀመጫው ወርዶ ወገቡን ይዞ ወደ አውቶቡሱ ጎማ እያየ ነው። ሌላው እግሩን መሪው ላይ እንደሰቀለ ቀርቷል፤ አፉ ይንቀሳቀሳል፤ እየሳቀ ነው። የአውቶቡሱ ረዳት ደግሞ መሬት ላይ ተንበርክኮ በኦሮምኛም በአማርኛም ጎማውን ይራገማል።

"ጎማዳ" አለች ጃለኔ፣ ለራሷ። ከዚያ ዞራ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። "ጎማ ነው። የአውቶቡስ ጎማ ነው፤ ሰላም ነው።"

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ተነፈሰ። ጃለኔ ቀኙን መዝጊያ ለቀቀችው። ወደ ያሕያ በር ሄዳ አንኳኳች።

"ያሕያ፣ ክፈት። ጎማ ነው።"

"ባጃጆቹስ?" አለ ያሕያ ከውስጥ።

"ቁጭ ብለዋል።"

"ሁሉም?"

"አንዱ እየሳቀብህ ነው።"

መቀርቀሪያው ተሳበ፤ የሳበው ግን ያሕያ አልነበረም። ያሕያ በስተውስጥ በአንሶላዎቹ መካከል ቆሟል። በሩ ላይ፣ እጃቸው ገና መቀርቀሪያው ላይ እንዳለ፣ የቆሙት ኦቦ ፈየራ ናቸው። ከያሕያ ጋር ለመጨዋወት ገብተው ነበር። ከዘራቸው ወለሉ ላይ ወድቋል።

"ማን ዘጋ?" አለች ጃለኔ።

ያሕያ ወደ ኦቦ ፈየራ አላየም፤ ላለማየት ግን ብዙ ደከመ።

"እጄ ነው የዘጋው" አሉ ኦቦ ፈየራ። "እኔ አላዘዝኩትም።"

"የኔም እንደዚያ ነው፣ ኦቦ።"

ቀና ብለው አዩዋት። ፊታቸው እንደ ሁልጊዜው የተቋጠረ ነበር፤ ጃለኔ ግን በዚያን ጊዜ ቁጣ አልታያትም። ከዘራቸውን አንሥታ ሰጠቻቸው። ኦቦ ፈየራ ቀስ ብለው ወጥተው የሷ በር ፊት ቆሙ።

"ግማሹን ዘግተሻል።"

"ግማሹ ተከፍቷል፣ ኦቦ።"

"ስለ ግማሽ የተነጋገርነው ነገር የለም።"

"ስለ እርስዎም እጅ የተነጋገርነው ነገር የለም።"

ያሕያ ሳቁን በእጁ አፈነ። ኦቦ ፈየራ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። መንገዱ በሚታወክበት ዘመን ከጌዶ ወዲህ መኪናቸውን አቁመው እስኪረጋጋ ድረስ ሥሩ ተኝተው እንደነበር ነገሯት። ያኔ ከሃምሳ ዓመት በላይ ነበሩ። ለልጆቻቸው እንኳ ተናግረውት አያውቁም፤ የከባድ መኪና ሹፌር መኪና ሥር የሚተኛው ሊጠግን ነው ተብሎ ነው የሚታወቀው። "ትልቅ ሰው ነኝ፣ አልፈራም ብዬ ነበር" አሉ። ትልቅ ሰውም ይደነግጣል፤ የሱም አንጎል ይማራል። እሳቸው ግን ፍርሃቱን ያገኙት ቤታቸውን ሠርተው ከጨረሱ በኋላ ነው። ጃለኔ ያገኘችው መሠረቱ ሲጣል ነው፤ ከድንጋዩ ጋር ተገንብቷል።

"አንቺ ያኔ ስንት ዓመትሽ ነበር?" አሏት።

"አሥራ ሁለት።"

ኦቦ ፈየራ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ብዙ ጊዜም ነቀነቁ።

"መስቀልን ምን አስጠበቀን?" አሉ በመጨረሻ። "ወረቀት ከሱቅሽ አምጪ፤ ለዓመት እንዋዋል። ስለ መዝጋት የተናገርኩትን ተዪው፤ ይጻፍ ከተባለ መጀመሪያ የሚባረረው እኔ ነኝ።"

"እጅዎ ይንቀጠቀጣል፣ ኦቦ። ትንሽ ይረፉ፤ ከዚያ ይፈርማሉ።"

"የአንቺስ?"

ጃለኔ እጇን ዘርግታ አየችው። እሱም ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁለቱም ሳቁ፤ የኦቦ ፈየራ ሳቅ እንደ ቁጣ ነበር የሚታየው፤ በመንገድ የሚያልፍ አንድ ሰው ቆም ብሎ ለጃለኔ አዘነላት።

"ልጄ፣" አለች ከውስጥ መሸፈኛ የጠየቀችው እናት፣ "ሰማያዊው ካለቀ አረንጓዴም ይሁን፤ ብቻ ልሂድበት።"

"አላለቀም፣ እማማ፤ መጣሁ" አለች ጃለኔ፤ የግራውን መዝጊያ በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ከፈተችና ገባች።